በበሶ ከረጢት ውስጥ የደበቅኩት ዳይፐር

ልጄ ከተወለደች ጀምሮ እስከ ሃያ ዓመቷ ድረስ አንድ ሰዓት እንኳ ደርቃ አታውቅም ነበር። ይህን የምጽፈው በሐፍረት አይደለም፤ ሐፍረቱን ከጨረስኩት ቆይቷል። በንዴት ነው። ስንት ክሊኒክ ገባን፣ ስንት ሰው «ትተወዋለች» አለኝ፣ ስንት ሽሮፕና ኪኒን ተጻፈልን። የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ነበር፤ የመለሰልን ግን አልነበረም።

የምኖረው አቃቂ ነው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ብዙ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ አሁን ቤቴ ውስጥ በስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባለቤቴ ሰይድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ልጃችንን እዚህ ላይ ሐያት እላታለሁ፤ እውነተኛ ስሟ ግን ሌላ ነው። ጽሑፉን አንብባዋለች። ሁለት ቦታ አስወጥታኝ የቀረውን «ይውጣ ኡሚ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንደኔ እንዳትሆን» ብላኛለች።

ሁለት ዓመት ሲሞላት እንደ ማንኛውም ልጅ ፖፖ ላይ መቀመጥ ተማረች። «ኡሚ፣ ሽንት» ትለኛለች፣ ትቀመጣለች፣ በደንብ ትሸናለች። ሱሪዋን አልብሻት ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ግን ሱሪዋ ይርሳል። ብዙ አይደለም፤ በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ እንደሚያንጠባጥበው ነው። መጀመሪያ ላይ ቸኩላ የምትነሣ መሰለኝ። «ጨርሺ እንጂ» እያልኩ መልሼ አስቀምጣታለሁ። መትቻታለሁም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ሐያት ካስወጣችኝ ሁለት ቦታዎች ግን ይህ አንዱ አልነበረም።

አራት ዓመት ሲሆናት ክሊኒክ ወሰድኳት። ሽንቷን በትንሽ ብልቃጥ ተቀብለው «ትንሽ ኢንፌክሽን አለ» አሉና ሽሮፕ ጻፉ። ሽሮፑ አለቀ፤ ሱሪዋ ግን እንደረጠበ ነበር። ተመልሼ ሄድኩ። «ብርድ መቷት ነው፣ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጫት» ተባልኩ። ምንጣፍ ገዛሁ፣ ካልሲ ደረብኩላት። ሌላ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ወስፋት ነው አሉና የወስፋት መድኃኒት ሰጡን። ሳሪስ አካባቢ ያለ አንድ ሐኪም ደግሞ ሽንቷንም ሳያይ «ይሄ ጭንቀት ነው፤ እናንተ ቤት ውስጥ ትጣላላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እስከዚያ ቀን ድረስ ብዙም አንጣላም ነበር። ከዚያ እንደወጣን ግን ታክሲ መጠበቂያው ላይ ቆመን ተጣላን።

ዓመታቱ በዚህ መልኩ ዞሩ። አንዱ ክሊኒክ ሌላው የጻፈውን አያይም። ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ብልቃጥ ይሰጠናል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጠናል። ሐያት ወንበሩን እንዳታረጥብ ብላ ቆማ ትጠብቃለች። የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ። «ልጅቷን አስቀምጫት እንጂ» ይሉኛል ሰዎች።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ረመዳንን ሙሉውን ጾመች። እኔም ያኔ ነበር አንድ ነገር ያየሁት። ቀኑን ሙሉ አንድ ጠብታ ውሃ አፏ አይገባም፤ ከሰዓት በኋላ ከንፈሯ ደርቆ ይሰነጠቃል። የምታስረው ጨርቅ ግን ይርሳል። ከሌላው ቀን ትንሽ ያንስ እንደሆነ እንጂ አይቀርም። ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ እኔ ሞኟ ውሃ ስለምታበዛ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ከእጇ ላይ ብርጭቆ ስነጥቅ ነበር።

ይህን ነገር ይዤ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። «ሽንት ቤት ገብታ እንደ ሰው ትሸናለች። ከዚያ ሌላ ደግሞ ሁልጊዜ ይፈሳታል። ጾማም ይፈሳታል። ተኝታም፣ ቆማም ያው ነው» አልኩ። ነጭ ካፖርት የለበሰው ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እናቴ፣ መመርመሩን ለእኛ ተይው» አለኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ሌላው ደግሞ እሷው ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሳለ «አይዞሽ፣ ስታገባ ይተዋታል» አለ። ሐያት ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ከዚህ በኋላ ክሊኒክ አልሄድም አለች። እኔም አላስገደድኳትም። ስህተቴ ከሆነ ስህተቴ ነው።

ሃይማኖቷን አጥባቂ ስለሆነች በጣም የሚያስለቅሳት ሶላቷ ነበር። ንጹሕ አይደለሁም እያለች ከሰው ጋር መስገድ ተወች። የሰፈራችን ኡስታዝ ባለቤት ናት አንድ ቀን ቤት መጥታ ያረጋጋቻት። «ሊቆም የማይችል ነገር ያለበት ሰው ለየሶላቱ ወቅት ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፣ ይበቃዋል። አላህ የማትችይውን አልጠየቀሽም» አለቻት። ስንት የተማረ ሰው ከሰጠን ነገር ሁሉ የዚያች ሴት አምስት ደቂቃ ይበልጥ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈተነች፤ አለፈች። የተመደበችው ከአዲስ አበባ ርቆ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲለኝ እኔ የማስበው ስለ አልጋው ነበር። በአንድ ክፍል ስምንት ልጆች፣ አራት ተደራራቢ አልጋ።

ሰይድ «አትሄድም» አለ። «የሰው መሳቂያ ከምትሆን እዚሁ ካንቺ ጋር ትስፋ።»

«ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። እስከ መቼ እኔ ጓዳ ውስጥ ትደበቃለች?»

«እስክትድን።»

«ማን ሊያድናት? ያ ስታገባ ይተዋታል ያለው?»

ሰይድ ክፉ አይደለም፤ ይፈራል እንጂ። ሐያት ግን ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀምራ ነበር። ለካ ቤት ውስጥ የማትፈራው እሷ ብቻ ናት። የእኔ ሥራ ዳይፐሩን ማግኘት ሆነ።

ስለ ዳይፐሩ በዝርዝር የምጽፈው የሚጠቅመው ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ማንም አይናገረውም፤ እኔም ሳላውቀው ብዙ ገንዘብ አቃጥያለሁ።

መጀመሪያ የገባሁት አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የትልቅ ሰው ዳይፐር አለ?» አልኩት። ልጁ ወደ ውስጥ ዞሮ «የትልቅ ሰው ዳይፐር አለን?» ብሎ ጮኸ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አየኝ። «ለማን ነው?» አለ። «ለአማቴ» አልኩት። አማቴ ካረፉ አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ አላህ ይማራቸው። ከዚያ በኋላ በየፋርማሲው እሳቸውን እያሳመምኩ ዞርኩ። አንዷ ሻጭ «ታዲያ ይሄን ያህል ጥራት ምን ያደርግላቸዋል፣ ከአልጋ አይነሡ» ስትለኝ ነው የገባኝ። አገሩ ዳይፐር የሚያስፈልገው ትልቅ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ መስሎታል፤ ሊሞት የተኛ። ሮጦ ክፍል የሚገባ፣ ታክሲ የሚጋፋ፣ የሚያምር ልብስ መልበስ የሚፈልግ ሰው ሊያስፈልገው እንደሚችል ማንም አላሰበም። ዋጋውም እንደዚያው ነው። በሄድኩ ቁጥር ይጨምራል። «ለምን?» ስል «ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ምን እናድርግ?» ይሉኛል።

አራት ዓይነት ገዝቼ መጣሁ። የወጥ ቤቴ ወለል ላይ ዘረጋኋቸውና ውሃ ውስጥ ጨው በጥብጬ፣ በሻይ ብርጭቆ እየለካሁ አፈሰስኩባቸው። ጨው የጨመርኩት ሽንት ጨዋማ ስለሆነ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ያታልላል። ትንሽ ከቆየ በኋላ ላያቸው ላይ ሶፍት አስቀምጬ በጉልበቴ ተጫንኳቸው። ሶፍቱ የረጠበበትን ጣልኩ።

ከዚያ የድምፁ ጉዳይ መጣ። በጎን የሚለጠፈው ዓይነት ብዙ ይይዛል፣ ዋጋውም ይሻላል፤ ግን ሲራመዱበት እንደ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። በሩቅ ሰምቼ መወሰን አልቻልኩም። ስለዚህ ራሴ አሠርኩትና ከአቃቂ ሳሪስ በታክሲ ሄጄ ተመለስኩ። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል ሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀያየርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የተንኮሻኮሸውን ፍለጋ እግሯ ሥር አየች። በማግስቱ እንደ ሱሪ የሚጠለቀውን አድርጌ ሄድኩ። ማንም አልዞረም። ግን ውድ ነው፤ ለየቀኑ አይቻልም።

የማታ ማታ የደረስኩበት ይህ ነው። ለክፍልና ለመንገድ እንደ ሱሪ የሚጠለቀው ይሁን። ዶርም ውስጥ ስትሆን ደግሞ እኔ ውስጡን በላስቲክ ጨርቅ፣ ላዩን በጥቁር ጥጥ የሰፋሁላት ሱሪ፤ ውስጡ ትልቁ ቁጥር የሕፃን ዳይፐር ጎን ጎኑ ተቆርጦ ይገባል። የሕፃኑ ርካሽ ነው፣ ስትገዢውም ማንም አይጠይቅሽም። የወር አበባ ሞዴስ ግን ሽንት አይዝም፤ በእሱ ገንዘባችሁን አታጥፉ። በየአራት ሰዓቱ መቀየር፣ ቆዳን አጥቦ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት፣ የተወለቀውን ጠቅልሎ ሁለት ጥቁር ፌስታል ውስጥ አሥሮ መጣል። ጠረኑ የሚመጣው ከዳይፐሩ ሳይሆን ከመዘግየት ነው።

ሐያት የሁለት ወሩን ይዛ ሄደች። የታችኛው፣ በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ይሰጣት ብላ ዶርም የሚያስተዳድረውን ፕሮክተር ጠየቀች። «የሐኪም ወረቀት አምጪ» አላት። የትኛውን ወረቀት? ያለን ወረቀት ሁሉ ኢንፌክሽን ነው የሚለው። የላይኛው አልጋ ላይ ሆነች። ከእሷ ሥር የተኛችው ለምለም የምትባል የአካውንቲንግ ተማሪ ናት።

ሁለት ወሩ ሲያልቅ ሁለተኛውን መላክ ነበረብኝ። ሐያት «በር ላይ ጥበቃዎቹ ሻንጣ ከፍተው ይፈትሻሉ፣ ወንዶች ናቸው» ብላኝ ነበር። ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ በሶ ፈጨሁ። ከረጢቱ ሥር ዳይፐሩን በፌስታል ጠቅልዬ ደረደርኩ፣ ላዩ ላይ በሶውን ሞላሁ፣ አፉን ሰፋሁ። በዚያ በኩል የሚያልፍ የሰይድ ጓደኛ ወሰደልኝ። ጥበቃው ነካ ነካ አድርጎ «በሶ ነው» ብሎ አሳለፈው። እኔም በራሴ ብልጠት ኮራሁ።

ዶርም ኖሬ አላውቅም። ከቤት የመጣ ምግብ እዚያ የአንድ ሰው እንዳልሆነ፣ ስኳር ያላት ስኳሯን፣ በሶ የመጣላት በሶዋን አውጥታ አብረው እንደሚበሉ፣ ለመክፈትም ፈቃድ እንደማይጠየቅ አላውቅም ነበር። ልብስ ብዬ ብልከው ማንም አይነካውም። ስምንት የተራቡ ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ ደብቄ የላክሁት፣ ከሁሉ በፊት የሚከፈተው ነገር ውስጥ ነው።

ሐያት ላቦራቶሪ ነበረች። ከረጢቱን የተቀበለችላት ለምለም ናት። ሐያት ስትገባ ስኳሩ ተዘጋጅቷል፣ ኩባያው ተደርድሯል፣ ወለሉ በበሶ ተሸፍኗል፣ ዳይፐሮቹም መሐሉ ላይ ተዘርግፈዋል።

«ሐያትዬ፣ ልጅ አለሽ እንዴ?» አለች አንዷ እየሳቀች። «የት ነው ያስቀመጥሽው፣ ሎከር ውስጥ?»

ሌላዋ አንዱን ዘርግታ በወገቧ ለካችው። «የምን ልጅ፣ ይሄ እኮ ለእኔም ይሰፋኛል።»

ሳቁ የቆመው የሐያትን ፊት ሲያዩ ነው። ክፍሉ ውስጥ ቆመ፤ ከክፍሉ ውጪ ግን አልቆመም። በማግስቱ ጠዋት ሕንፃው ሁሉ ወሬ ይዟል። ወልዳ ጥላ ነው የሚል አለ፣ የሚተላለፍ በሽታ አለባት የሚል አለ። መታጠቢያ ቤት ስትገባ የሚወጡ ነበሩ።

ስልክ ደወለች። «ኡሚ፣ ልመጣ ነው።»

«ለእረፍት?»

«ለሁልጊዜ። የማቋረጫ ፎርም ወስጃለሁ።»

ሰይድ «ብዬሽ ነበር» አለ፤ ብሎም ተጸጸተ መሰለኝ የአውቶቡስ ቲኬቴን ሄዶ የቆረጠው እሱ ነው። መንገዱን ሁሉ የማስበው ከረጢቱን ነበር። ሌላውን ሁሉ በሐኪም ላሳብብ እችላለሁ፤ በሶው ግን የእኔ ነው።

ጥበቃዎቹ ወላጅ አይገባም አሉኝ። በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ አንዲት ቀጭን ልጅ መጣችና አንገቷን ደፋች።

«የሐያት እናት ነዎት? እኔ ለምለም ነኝ። የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ልቆጣት ነበር ዝግጅቴ። «ለምን ከፈትሽው ልጄ?» አልኳት።

«በሶ ስለሆነ ነዋ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ከቤት የመጣ በሶ አይጠየቅም እኮ። የእኔ ቢመጣም እሷ ትከፍተዋለች።»

እጇን ያዝኩ። ሐያትን ጠርታልኝ ከበሩ ማዶ ያለች ሻይ ቤት ገባን። ሐያት አባያዋን ጠቅልላ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፎርሙን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እዚህ ጋ የወላጅ ፊርማ ይላል» አለችኝ።

እስክሪብቶ ስፈልግ ለምለም ሻይዋን እያማሰለች ተናገረች። «ይቅርታ እናታችን፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሐያት እኮ ከእኛ ጋር ሽንት ቤት ትሄዳለች። እንደኛ ትሸናለች። መቆጣጠር የማትችል ብትሆን አትሸናም ነበር። ታዲያ የሚፈሰው ከየት ነው?»

ማንም ሐኪም ያልጠየቀው ጥያቄ ሻይ ቤቷ ውስጥ ሲጠየቅ ሰማሁት። የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ከልጄ አልጋ ሥር ሁለት ወር ተኝታለች፤ ሌላ ትምህርት የላትም።

«ይህንን ነው ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተናገርኩት» አልኳት። «ጾማም ይፈሳታል። ቀንም ሌሊትም እኩል ነው።»

«ለማን ነው የተናገሩት?»

«ለሁሉም።»

«ጽፈውት ያውቃሉ?»

ከአምስተኛ ክፍል የቀረሁ እኔ ለሐኪም ምን እጽፋለሁ? ለምለም ፎርሙን ከእጄ ወስዳ ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነበር። «ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አለች።

ነገርኳት። ከፖፖው ጀምሮ፣ ሽሮፑን፣ ረመዳኑን፣ ዳይፐሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ ውሃ ስትጠጣና ሳትጠጣ ያለውን ልዩነት። ሐያት መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። በኋላ ግን «አይደለም ኡሚ፣ ስስቅም ስሮጥም አይጨምርም፣ ያው ነው፣ ያንን ጻፊ» ማለት ጀመረች። ስንጨርስ የፎርሙ ጀርባ ሞልቷል። በዚያ በኩል የተጻፈበት ወረቀት በዚህ በኩል ሊፈረምበት አይችልም።

ሐያት ወደ ዶርሟ ተመለሰች። ለምለም የራሷን የታችኛውን አልጋ ለቀቀችላት፤ ፕሮክተሩንም ማንም አልጠየቀም። ሐያት ለሰባቱም በራሷ አፍ ነገረቻቸው። በወገቧ የለካችው ልጅ ከዚያ በኋላ ጥቁር ፌስታል የምታስቀምጥላት ሆነች።

በሴሚስተር እረፍት አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድናት። ካርድ ለማውጣት ብቻ ሦስት ቀን ተመላለስን። «ዛሬ ሞልቷል»፣ «ባለሙያዋ የለችም»፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ሁሉንም ሰማነው። በአራተኛው ቀን ስማችን ሲጠራ ሰይድ ከወንበሩ ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ። «አንቺ ግቢ» አለኝ። «ጨርቁን ሲያጥብ የኖረው እጅሽ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?» በትዳራችን ብዙ መልካም ነገር ብሎኛል፤ ከዚህ የሚበልጥ አላስታውስም።

ዶክተሯ ወጣት ናት። አፌን ሳልከፍት ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ገለበጠችውና «ይሄ የማቋረጫ ፎርም ምንድን ነው?» አለች።

«ያልሞላነው ነው» አልኳት።

«ጀርባውን ማን ጻፈው?»

«ቃሉ የእኔ ነው። ጽሕፈቱ የጓደኛዋ ነው።»

ወደ ሐያት ዞረች። «ደርቀሽ የምትቆዪበት አንድ ሰዓት አለ?»

«የለም።»

«ከልጅነትሽ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ ኢንፌክሽን አይደለም» አለች። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚህ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም።

በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጥተው በማሽን አነሷት፤ ታየ። ዶክተሯ በሥዕል አስረዳችን። ከእያንዳንዱ ኩላሊት ወደ ሽንት ፊኛ የሚወርድ አንድ ቀጭን ቱቦ አለ። የሐያት ግራ ኩላሊት ግን ሁለት ቱቦ ነው ያለው። አንደኛው ፊኛው ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ እንደ ሰው ትሸናለች። ሁለተኛው ፊኛውን አልፎ ከበታቹ ወጥቷል፤ መዝጊያ የለውም፣ ስለዚህ ቀንና ሌሊት ያንጠባጥባል። እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ወዲያው ገባኝ። እጅጌው ትከሻው ላይ መሰፋት ሲገባው ሌላ ቦታ ተሰፍቷል። ፈትቶ በቦታው መስፋት ነው።

«ይሄ ስትወለድ ጀምሮ ያለ ነገር ነው» አለች ዶክተሯ። «በልጅነቷ ቢታይ ኖሮ...» ብላ ተወችው። እኔ ግን አልተውኩትም። ይኸው እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ሽንት የሚቀበል ቀጭን ጎማ ለጥቂት ቀናት ገብቶላት ነበር፤ እሱ ከወጣ በኋላ ሦስታችንም ሽንት እንድትሸና ጠበቅን። ሸናች። ተመልሳ ተኛች። አንድ ሰዓት ቆየን። ሐያት እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገባችና አወጣች። ከዚያ እንደገና አስገባች። «ኡሚ» አለች፣ «አንቺ ንኪው፣ እኔ እጄን አላመንኩትም።» ነካሁ። አንሶላው ደረቅ ነበር። ሰይድ ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻውን ነው ያየሁት።

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ እንኳ ንዴቴ አልወጣልኝም። ብልቃጥ ከመስጠት ይልቅ አንድ ጊዜ «ደርቃ ታውቃለች?» ቢሉን ኖሮ ልጄ በሰባት ዓመቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሽንት ቤት እየሄደች እንደ ሰው እየሸናች ሁልጊዜ የምትረጥብ ከሆነ ብርድ ነው ሲሏችሁ አትቀበሉ። የምታዩትን ቀንና ሰዓቱን ጠቅሳችሁ አስጽፉ፤ የተናገርነውን ያልሰማ ሰው የተጻፈውን ያነባል። መዳኑ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ዳይፐሩን ደፍራችሁ ግዙ። የሞተ ሰው አታሳምሙ። «ለልጄ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት» በሉ፤ ዞሮ የሚያየው ያፍር።

ያ ወረቀት በሐያት ካርድ ውስጥ ተያይዞ ሆስፒታሉ ቀረ። የተረፈውን ዳይፐር ለአንዲት የጎረቤት አዛውንት ሰጠሁ። ሐያትም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ባለፈው ሳምንት በሶ ፈጭቼ ላክሁ። ማታ ስልክ ተደወለ፤ ከኋላ የኩባያ ድምፅና ሳቅ ይሰማል። ለምለም ናት።

«እናታችን፣ ከረጢቱን እስከ ታች ቆፈርነው» አለችኝ። «በሶ ብቻ ነው።»